ሰባት ቁጥር ካሜራ

ትሕትና አንሙትን የወደደችው ሦስት ሦስት ጊዜ ነው። ቀልድ አይደለም። ከአምበር በታች፣ ጥቁር ውኃ በሚባለው ሸለቆ ውስጥ ዛፍ ላይ የታሰሩት አሥር ካሜራዎች ፊታቸው ነፍስ ያለው ነገር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሦስት ፎቶ ያነሳሉ። ድኩላ ሲያልፍ ሦስት፣ ጅብ ሲያልፍ ሦስት፣ መንገድ መሪው አንሙት ሲያልፍም ሦስት። በየአሥራ አምስት ቀኑ ደብረ ማርቆስ ቢሮ ውስጥ ካርዱ በትልቁ ስክሪን ሲከፈት ከጃርቱና ከከርከሮው መሐል እሱ ብቅ ይላል። በመጀመሪያው ፎቶ ከጥግ ይገባል። በሁለተኛው መታየቱን አውቆ ይቆማል። በሦስተኛው ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። የቢሮው ሰው «ይኼ ሰውዬ ከካሜራም ጋር ሰላምታ አለው እንዴ!» እያለ ይስቃል። ትሕትናም አብራ ትስቃለች፤ ፊቷ ግን ይግላል።

ላልተዋወቃችሁ ላስተዋውቅ። ትሕትና የወይዘሮ ያለምወርቅ አንድ ልጅ ናት። ወይዘሮ ያለምወርቅ ደብረ ማርቆስ ላይ ትልቅ የእህል መጋዘን ያላቸው፣ ባላቸውን በወጣትነታቸው ቀብረው ልጃቸውን በሁለተኛ ዲግሪ ያስመረቁ፣ ሲቆጡ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ሳይቀር የሚሰማቸው ሴት ናቸው። ልጅቱ የዱር እንስሳ በሚቆጥር የጥናት ፕሮጀክት ውስጥ ትሠራለች። አንሙት ደግሞ የዝግባ ጊዮርጊስ ገበሬ ነው። ቅኔ ቤት አራት ዓመት ቆይቶ፣ አባቱ ሲሞት እናቱን ብሎ ወደ ሞፈርና ቀንበሩ ተመልሷል። በሁለቱ መካከል ያለውን አገር ሚኒባሱና እግር ግማሽ ቀን ሳይሞላ ይጨርሱታል፤ ወይዘሮ ያለምወርቅ ግን ዕድሜ ልክም አይበቃው ባይ ናቸው።

ካሜራ ማሰር ቀላል ነው። ፀሐይ እንዳታሳውረው ፊቱን ወደ ሰሜን ማዞር፣ ንፋስ የሚያወዛውዘው ሣር በከንቱ እንዳያስነሳው ከፊቱ መመንጠር፣ በጉልበት ከፍታ ማሰር፣ በቃ። ጉዱ ያለው ተመልሶ ማግኘቱ ላይ ነው። ሌባ እንዳያየው የዛፍ ቅርፊት አስመስለው የሠሩትን ዕቃ ባለቤቱም አያየውም። ቦታ የሚመዘግበው መሣሪያ እንኳ ገደሉ ውስጥ ሲገባ ሳተላይቱ ይጠፋበትና ዛፉን ወንዝ መሐል ይተክለዋል። በመጀመሪያው ወር ትሕትና ራሷ ያሰረችውን ሦስት ቁጥር ስትፈልግ ረፍዶባት ልታለቅስ ስትል፣ አንሙት አጠገቧ ካለው ብሳና ላይ የታሰረውን ካሜራ በጣቱ አንኳኳላት።

«እታለም፣ አንች ስትሄጅ ፊት ለፊት ብቻ ነው የምታይ» አላት። «ስትመጭ ያየሽው ዛፍ ስትመለሽ ሌላ ዛፍ ነው። አስረሽ ስትጨርሽ አሥር እርምጃ ሂጅና ዞረሽ እይው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥር እርምጃ እየሄደች መዞር ለመደች። ስትዞር ከዛፉ አጠገብ የሚቆመው እሱ ነው። ደብተሯ ላይ «ስድስት ቁጥር፤ ከተሰነጠቀው ቋጥኝ በስተግራ፣ ሦስተኛዋ ወይራ» ብላ ጽፋ ስታበቃ፣ ወይራዋ ምን እንደምትመስል ቢጠይቋት አታውቅም ነበር።

ደብዳቤ የጀመረችው እሷ ናት። ሸለቆው ውስጥ ስልክ አይሠራም። አንሙትም ስልኩን ቻርጅ የሚያደርገው በገበያ ቀን አምበር ሲወጣ ብቻ ነው። ስለዚህ «የአራት ቁጥር መታጠቂያ ላልቷል፤ አጥብቀው» የምትል ወረቀት በፌስታል ጠቅልላ ከካሜራው ጀርባና ከዛፉ ቅርፊት መሐል ሰካች። በሚቀጥለው ጊዜ መልሱ እዚያው ቆያት። «መታጠቂያው ጠብቋል። የላላው ሌላ ነው» ይላል። ከዚያ ወዲህ ካሜራዎቹ ፖስታ ቤት ሆኑ። የካሜራው ፊት ቁልፍ አለው፤ ቁልፉም የፕሮጀክቱ አስተባባሪ በሆነው በውበቱ ኪስ ነው። ጀርባው ግን የሁለቱ ነበር።

ውበቱ ክፉ ሰው አይደለም። ሥርዓት ይወዳል፤ ካርዶቹን ሁሉ ራሱ፣ ሠራተኛው በሙሉ ባለበት ይከፍታል። ትሕትናንም በሥርዓት ነው የፈለጋት። አንድም ቀን እሷን ራሷን ሳይጠይቅ ለእናቷ «ሽማግሌ ልልክ ነው» ብሎ አስነግሯል። ወይዘሮ ያለምወርቅ ይህንን ሲሰሙ ለቅዱስ ማርቆስ ጧፍ ገዙ።

በመጋቢት መጨረሻ አንድ ቀን ትሕትናና አንሙት ለአዲስ ካሜራ ቦታ ሊመርጡ ወርደው ከምንጩ አጠገብ አረፉ።

«እማየ የጊዮርጊስ ማኅበር ጽዋ በሚያዝያ ይደርሳታል» አላት። «ሰባት ዓመት ጠብቃለች። እንግዳ ይዘህልኝ ና እያለች ነው።»

«ምን አልካት?»

«እንግዳ አላመጣም አልኋት። ልጅ ነው የማመጣልሽ።»

ትሕትና አንገቱን አቅፋ ፊቷን ደረቱ ውስጥ ቀበረች። እሱም የምትሰበር ይመስል እጁን ቀስ አድርጎ ጀርባዋ ላይ አሳረፈ። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆሙ ሁለቱም አያውቁም። ወደ ማርቆስ ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እንኳ የልብሱ የጭስ ሽታ ከነጠላዋ አልወጣም ነበር። አብማ ማርያም ቤተ ክርስቲያንን ሲያልፉ ግን ክው አለች። ሰባት ቁጥር! ከሳምንት በፊት ድኩላ ውኃ ሲጠጣ ይታያል ብለው ሰባት ቁጥርን ከላይኛው ጽድ ፈትተው ምንጩ ፊት ለፊት ያሰሩት ራሳቸው ናቸው። አገር ምድሩን ካሜራ ሲያጠምዱ ከርመው የገዛ ወጥመዳቸውን ረሱት። ደስታዋ እዚያው ወንበሩ ላይ ወደ ብርድ ተለወጠ።

የፍተሻው ቀን እስኪደርስ ተመልሳ ልትወርድ አስባ ነበር። ውበቱ የሪፖርት ሥራ ጫነባት፤ እውነቱን ለመናገር እሷም በርትታ አልጠየቀችም። ቀኑ ደርሶ ሁሉም ሲወርዱ፣ ከምንጩ ፊት ለፊት ያለው ዛፍ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሥሩ ላይ የተቆረጠ መታጠቂያ ብቻ ወድቋል።

«በቢላ ነው የተቆረጠ» አለ ውበቱ።

የትሕትና የመጀመሪያ ስሜት ምን እንደነበር ልንገራችሁ፤ እፎይታ ነበር። ቀጥሎ ከሰው ጀርባ የቆመውን አንሙትን አየችው። ዓይኑን ወደ ስድስት ቁጥር ወይራ ላከ፤ ወደ እሷ መለሰ፤ እንደገና ወደ ወይራዋ ላከ። ስድስት ቁጥርን ውበቱ ከፊት ከፍቶ ካርዱን ወስዶ ዘግቶታል፤ ጀርባውን ያየ የለም። ትሕትና ግን ሰው ሁሉ የሚያያት መስሏት ፊቷን አዞረች። ዓይኑ እንዲህ ደፋር ሆኖባት አያውቅም፤ ፈራችው።

ማታ ለእናቷ ተናገረች። የምትናገረው ሌላ ሰው አልነበራትም።

ወይዘሮ ያለምወርቅ አልጮኹም። ይህ ነው የከፋው። «ማን ቆረጠው?» አሉ ዝግ ብለው።

«እሱ ሳይሆን አይቀርም። ለእኔ ብሎ።»

«ለአንቺ ብሎ ከሆነ ለምን አልነገረሽም? ለምን አልሰጠሽም?» አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ። «የኔ ልጅ፣ እኔ ከገበሬ ጋር ሠላሳ ዓመት እህል ለክቻለሁ። ፎቶሽን ይዞ ነው የተቀመጠው። ነገ ሽማግሌ አይልክብሽም፤ ፎቶውን ነው የሚልክብሽ።»

«እሱ እንደዚያ አይደለም፣ እማዬ።»

«እንደዚያ ያልሆነ ሰው መታጠቂያ በቢላ አይቆርጥም። ዝም በይ። ካልጠየቁሽ አትመልሺ፤ ከጠየቁሽ አላውቅም በይ።»

ክፉ ነገር ከእናት አፍ ሲወጣ ምክር ይመስላል። ትሕትና ያን ዓይን እንደገና አሰበችው። ከእናቷ ቃል ጋር ስታስተያየው የተለመደው ዓይን አልመስልሽ አላት። ሳታምን አመነች፤ ስላመነችም አፈረች።

ውበቱ ለፖሊስ ላመልክት አለ። የዝግባ ጊዮርጊሱ ቄስ ዘማርያም ለመኑት። «ልጆቻችንን በመኪና ጭነህ ከምትወስድብን ለእኛ ተውልን፤ እናወጣዋለን» አሉት። አውጫጭኝ ድሮ ቀርቷል የሚል ከተሜ እዚያ እሑድ ቢገኝ ጥሩ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ በየጎጡ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ባለው ሾላ ሥር ተቀመጠ። ነገሩ ሳይወጣ ቤቱ የሚገባ የለም። ቄስ ዘማርያም መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ።

«ያየ አላየሁም ቢል፣ የወሰደ አልወሰድሁም ቢል፣ በአፈ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የተወገዘ ይሁን!»

«ይሁን!» አለ ሕዝቡ።

አንድ በአንድ እየተነሱ መስቀሉን ጨብጠው «አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ አልወሰድሁም» አሉ። አንሙት ላይ ደረሰ። ተነሣ፤ መስቀሉን ግን አልጨበጠም።

«ማል እንጂ፣ ልጀ» አሉ ቄሱ።

«አልምልም፣ አባ።»

የአንሙት እናት ወለተ ጊዮርጊስ ከሴቶቹ መሐል ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ወስደኸዋል?»

«ወስጃለሁ። አልሰረቅሁም።»

«የት ነው?»

«ባለቤቱ ሲጠይቀኝ እሰጣለሁ።»

«ባለቤቱ ይኸው ቆሟል» አሉ ቄሱ ወደ ውበቱ እያመለከቱ።

«እሱ አይዶለም» አለ አንሙት። ዓይኑንም አነሣ። ልመና አልነበረበትም፤ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሕዝቡ ዓይኑን ተከትሎ ዞረ፤ መጨረሻው ላይ ትሕትና ቆማለች።

«ልጀ፣ የምታውቂው ነገር አለ?» አሏት ቄስ ዘማርያም።

እሷ የአጥቢያው ሰው ስላልሆነች መስቀል አልሰጧትም፤ ቃል ብቻ ነው የጠየቋት። አንድ ቃል። ውበቱ እያያት ነው። የእናቷ ድምፅ በጆሮዋ ነው። መሬት መሬቱን አየች።

«አላውቅም» አለች። ይህ ሳያንስ፣ ማንም ሳይጠይቃት ጨመረችበት። «ካሜራዎቹ የት የት እንዳሉ ከእኔ ሌላ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።»

አንሙት ሁለተኛ አላያትም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእሷ ወለምታ ደግሞ አገር ነበር የሰማው። ፍርዱ አልዘገየም። ያለበትን እስኪናገር ድረስ እሳት የሚያጭርለት፣ በወንፈል የሚያርስለት፣ ከደጁ የሚቆም አይኑር ተባለ። ወለተ ጊዮርጊስም ካንድ ቤት ናትና ፍርዱ እሷንም ያዛት። ትሕትና በሚኒባሱ ስትመለስ ውበቱ የበረዳት መስሎት ኮቱን አውልቆ ደረበላት።

በሚያዝያ ሃያ ሦስት የማኅበሩ ጽዋ የወለተ ጊዮርጊስን ደጅ ዘልሎ ጎረቤት ገባ። ሴትዮዋ ጠላዋን ጠምቃ፣ ቤቷን በእበት ለቅልቃ ነበር። ዘፈኑንና ጸሎቱን በአጥር ሰማችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድልሽ አላት። ይህንን ትሕትና የሰማችው ቆይታ ነው፤ እኔ ግን አሁኑኑ የምነግራችሁ እሷ ያን ሰሞን ምን ትሠራ እንደነበር እንድታስተያዩት ብየ ነው። ቢሮዋ ተቀምጣ ድኩላ ትቆጥር ነበር።

ለሚቀጥለው ፍተሻ አዲስ መንገድ መሪ ተቀጠረ፤ ትሕትና ከቢሮ አልወጣችም። ሸለቆውን ሲዞሩ ውለው ከቀሩት ዘጠኝ ካሜራዎች ያገኙት አራቱን ብቻ ነው። «አምስቱንም ወስዷቸዋል ማለት ነው» አለ ውበቱ። ወሬው እነሱ ሳይመለሱ ዝግባ ጊዮርጊስ ደረሰ። አንሙት አንድ ዕቃ የሰረቀ ሌባ መሆኑ ቀርቶ የስድስት ዕቃ ሌባ ሆነ።

ትሕትና ግን ዛፎቹ የተጻፉት በእሷ ደብተር ላይ ብቻ ነውና ካሜራዎቹ እንዳልተሰረቁ ታውቃለች። አልተገኙም እንጂ አልጠፉም። ይህች ትንሽ እውነት እንቅልፍ ነሳቻት። ማክሰኞ ዕለት ለማንም ሳትናገር ደብተሯን ይዛ ብቻዋን ወረደች። የተሰነጠቀው ቋጥኝ፤ በስተግራ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛዋ ወይራ። ስድስት ቁጥር እንደታሰረ አለ። እጇን ከጀርባው ስትሰድ ፌስታል ነካች።

«ይድረስ ለትሕትና። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰባት ቁጥር ምንጩ ላይ እንዳየን ከብት ሳስገባ ትዝ ብሎኝ በድንጋጤ ተመልሸ ወረድሁ። ካርዱን እንዳላወጣ ቁልፍ የለኝም፤ እንዳልሰብረው ዕቃው አንችን ያስጠይቅሻል። ስለዚህ መታጠቂያውን ቆርጨ ከምንጩ በላይ ካለችው ዋሻ፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ሥር በጋቢየ ጠቅልየ አኑሬዋለሁ። ለማንም አላሳየሁም። ነይና የማትፈልጊውን አውጭለት፤ እኔ መልሸ አስረዋለሁ። ከጠየቁኝ አላውቅም ብየ አልምልም፤ የተማርሁት አይፈቅድልኝም። ስምሽን ግን ከአፌ አያወጡትም። አንች እስክትናገሪ እኔ ዲዳ ነኝ። ምንም ቢሉሽ አትፍሪ። አንሙት።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ዋሻው ውስጥ ገብታ ድንጋዩን አነሣች፤ ካሜራው በጋቢው ተጠቅልሎ አለ። ያለው አንድ ጋቢ ያው ነበር። በዋሻው ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ፣ እጇን አፏ ውስጥ ከታ፣ እንደ ከብት አለቀሰች።

አሁን ወደ ዝግባ ጊዮርጊስ ወጥታ ልትናገር ነው ስትሉ ይሰማኛል። የዝግባ ጊዮርጊስ ዳገት ከዋሻው ሁለት ሰዓት አይፈጅም ነበር። እሷ ግን ወደ ማርቆስ ሄደች። መጀመሪያ ፎቶውን ልየው አለች። ረቡዕ ጧት ከሠራተኛው ቀድማ ገብታ፣ ተጠባባቂውን ቁልፍ ከውበቱ መሳቢያ አውጥታ ከፈተችው። መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ አለ። ንፋስ የሚያወዛውዘው ሣር፣ የድኩላ ጭራ፣ አንድ ጃርት፣ እንደገና ሣር። የመጨረሻው ፎቶ የተነሣው እነሱ ምንጩ ጋ ከመቆማቸው ከሦስት ቀን በፊት ነው። ባትሪው ሞቶ ነበር። ሁለቱ ሲተቃቀፉ ካሜራው አላየም።

የተቀበረውም፣ የተቆረጠውም፣ አገር የተገዘተበትም ለዚህ ነው። ትሕትና ሳቅ ሊያመልጣት አለና ደነገጠች።

ያን ጊዜም መሄድ ትችል ነበር። ረቡዕ ገና ጧት ነው። ነገር ግን ሐሙስ የውበቱ ሽማግሌዎች እናቷ ቤት ይመጣሉ፤ ሐሙስ ይለፍ አለች። እናቴን በሽማግሌ ፊት ከማዋርድ በእሑድ፣ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ልንገራቸው አለች። ሐሙስ ሽማግሌዎቹ መጡ፣ በሉ፣ መረቁ፣ ቀጠሮ ይዘው ሄዱ። ዓርብ ለእናቷ እንቢ አለች።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳትባይ!» አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ።

«የብብቴን የጣልኩትማ ያን ጊዜ ነው፣ እማዬ። በእርስዎ ምክር።»

ቅዳሜ እናትና ልጅ ሳይነጋገሩ ዋሉ። እሑድ በማለዳ ካሜራውን በአንሙት ጋቢ እንደተጠቀለለ አቅፋ ሚኒባስ ተሳፈረች። ከወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ ቀሎ ነበር። ዳገቱን ስትወጣ የምትለውን ቃል እየደጋገመች፣ የእሱን ፊት እያሰበች፣ ብቻዋን ፈገግ ትል ነበር።

ቅዳሴው ሲያልቅ ሾላው ሥር ቆመች። ቄስ ዘማርያም ሊያስቀምጧት ቢሉ እንቢ አለች። ጋቢውን ፈትታ ካሜራውን ከፍ አድርጋ አሳየች። ምንም አላስቀረችም፤ ምንጩን ተናገረች፣ ማቀፏን ተናገረች፣ ደብዳቤውን አነበበች። «እሱ ሌባ አይደለም። የቀሩት አምስቱም አልተሰረቁም፤ ያሉበትን ዛፍ ዛፍ አሳያችኋለሁ። ይህንን ደብዳቤ ማክሰኞ አገኘሁት። ያን እሑድ ስትጠይቁኝ የዋሸሁት ግን ሳላገኘውም አውቄ ነው። ሌባ ካላችሁ እኔ ነኝ፤ ስሙን የሰረቅሁት እኔ ነኝ» አለች። ያልጠበቀችው ነገር ሆነ፤ ሕዝቡ አልጮኸባትም። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ሴቶቹ መሐል አንዷ እሪ አለች፣ ሁለተኛዋ ተቀበለቻት፣ ከዚያ ግቢው ባንድ ጊዜ በለቅሶ ተናጋ።

«ምነው? ለምንድነው የሚያለቅሱት?» አለች ትሕትና።

ቄስ ዘማርያም መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ወለተ ጊዮርጊስን ሐሙስ ቀበርናት፣ ልጀ» አሏት።

ሕዝቡ አሁን ሳይጠራ ተነሥቶ ወደ አንሙት ቤት ጎረፈ። ሐሙስ ሳይነፋ የቀረው የለቅሶ ጥሩምባ ተነፋ። ወንዶቹ «ማረን!» እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ፤ ሐሙስ ቃሬዛው ሲያልፍ በራቸው ላይ ቆመው ያዩ ሰዎች ናቸው። አንሙት ከጎጆው ወጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል። ቄስ ዘማርያም በሕዝቡ ፊት «ንጹሕ ነህ፣ ልጀ። የበደልንህ እኛ ነን» ብለው እግሩ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ክንዳቸውን ይዞ አነሣቸው። የሆነውን ሁሉ ቆሞ ሰማ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የትሕትናን እጅ ይዘው ወደ ፊት አመጧት።

«ስለ አንተ ብላ በአደባባይ ራሷን አዋርዳለች» አሉት። «ከእንግዲህ ሰው ምን ይላል አትበል። እናትህንም ልጅ አመጣለሁ ስትላት የሰማንህ ነን። ተቀበላት።»

ትሕትና ጋቢውን ዘረጋችለት። አልወሰደውም።

«አንሙት፣ ካሜራው ባዶ ነው» አለችው። ለምን ይህንን እንዳስቀደመች አታውቅም። «ባትሪው ሞቶ ነበር። ምንም አላየም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ያ ባርኔጣ አውልቆ የሚስቅ ፊት የት እንደገባ ፈልጋ አጣችው።

«ደብዳቤየን ማክሰኞ ነው ያገኘሽው?»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ እማየ ትናገር ነበር። ረቡዕም ትናገር ነበር።» ድምፁን አላነሣም፤ ሰው ግን ሁሉ ይሰማዋል። «ሌባ አይዶለሁም ብየ ነግሬያታለሁ። እንዴት አታምነኝም፣ እናት ናት፤ አመነችኝ። ከሌላ ሰው አፍ መስማት ነበር የፈለገች። በሩን እያየች ነው የሞተች።»

«አንሙትዬ፣ ምሕረት...»

«ቃሬዛዋን አራት ሆነን ነው የተሸከምናት። እኔ፣ ከደብረ ኤልያስ የመጡ ሁለት አጎቶቸ፣ አራተኛው ቄስ ዘማርያም። ሰባ ዓመታቸው ነው። ዳገቱ ላይ ጉልበታቸው ከዳቸው። ትከሻ የሚቀበላቸው ሰው ፈልጌ ዞርሁ። ከየደጁ ቆመው ያዩናል፤ የሚቀበል የለም። መሬት ላይ አሳረፍናት። ሁለት ጊዜ መሬት ላይ አሳረፍናት።» ጋቢውን ተመለከተ። «ስሜን መልሰሽልኛል፣ እግዜር ይስጥሽ። እርግማን የለኝም። ግን አንችን ሳይ ያ ዳገት ነው የሚታየኝ። ሚስቴ ብትሆኝ በየቀኑ ልወጣው ነው። አልችልም።»

«እጠብቅሃለሁ። አንድ ዓመት፣ አሥር ዓመት...»

«አትጠብቂኝ። እኔም ጠብቄሽ አይቻለሁ፤ ጥሩ ነገር አይዶለም።»

ይህንን ብሎ አልፏት ሄደ። በር ላይ የተሰለፉትን ለቀስተኞች አንድ በአንድ እየጨበጠ «እግዜር ያጽናህ» ሲሉት «አሜን» እያለ ተቀበላቸው። ሽማግሌው የያዙትን የትሕትናን እጅ ምን እንደሚያደርጉበት ጠፍቷቸው ቀስ አድርገው ለቀቁት።

እሷ ከአጥሩ ሥር ቁጭ አለች። ጋቢውን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች እንባዋ ሳትጠርገው ይወርዳል። ጥሩምባውን ሰምተው ከሌላ አጥቢያ የመጡ ሰዎች በአጠገቧ እያለፉ ይገባሉ። ከእነሱ አንዲት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴትዮ የትሕትናን ለቅሶ አይተው ቆሙ፤ አዘኑላት፤ ጎንበስ ብለው ትከሻዋን ዳበሱ።

«እግዜር ያጽናሽ፣ ልጀ። ለሟች ምኗ ነሽ?»

ትሕትና ቀና ብላ አየቻቸው። ከጎጆው ውስጥ የአንሙት ድምፅ ይሰማል፤ ለአዲስ ለቀስተኛ «አሜን» ይላል።

«ምኗም አይደለሁም» አለች።